የባቲ መንገድና የባቲዬው ልጅ

«ጋሼ፣ እሱም እኮ በእግሩ ነው የወጣው።»

ልጁ ይህን ያለኝ የእጁን መጠቅለያ እየፈታ ነው። ሰኞ ማታ ነበር፤ ሌሎቹ ሄደዋል። እኔ ጓንቶቹን ሰብስቤ ሣጥን ውስጥ እከታለሁ። ስለ ማን እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፍራንሲስ ንጋኑ ነው፤ ካሜሩናዊው የቀድሞ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን።

ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ቡጢው አውርተን እንለያይ ነበር። «እሱም» የምትለዋ ቃል ግን ያዘችኝ። «እሱም» ያለው «እኔም» ለማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ የ19 ዓመት ልጅ እንዲህ ካለ ወዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም። መንገዱ ደጃችን ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መኪና በፊታችን አልፎ ወደ ባቲ ይወርዳል። ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ የመን፣ ሳዑዲ። በየቤታችን የሄደ አለ። የደረሰ አለ። ድምፁ የጠፋም አለ።

«ተው እንጂ» አልኩት።

«ለምን?» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ደህና እደር ተባብለን ተለያየን። ያቺ «ለምን» ግን ይኸው ወር ሊሞላት ነው፤ አልለቀቀችኝም።

## አሸዋ

ልጁ ቀን ቀን ቦርከና ወንዝ ዳር አሸዋ ይጭናል። በአካፋ ነው። አንዱን መኪና ለአራት ለአምስት ሆነው ይሞሉና ሒሳቡን ይካፈላሉ። ማታ እኛ ጋ ሲመጣ ፀጉሩ ውስጥ አሸዋ አለ። ትከሻው በብረት የተሠራ ትከሻ አይደለም፤ ከዚያ ይጠነክራል። ጨርቅና አሸዋ ሞልተን የሰቀልነውን ጆንያ ሲመታው የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

ንጋኑም ገና ልጅ ሳለ አሸዋ ቆፍሯል። የተወለደው በፈረንጆቹ 1986 ነው፤ የትውልድ ቦታው ስም ባቲዬ ይባላል። መጀመሪያ ስሰማ ባቲ ያሉ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። የሰኞ ገበያዋ ባቲ፣ በስሟ ቅኝት ያላት ባቲ። ልጁም ይህን ያውቃል። «አገሩ ራሱ ያው ነው» ይላል። ለ19 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መገጣጠም ምልክት ይመስላል። እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን ይመስለኝ ነበር።

የቀረውን ታሪክ እኛ ጂም ውስጥ የማያውቅ የለም። የንጋኑ አባት በአገሩ በጠበኝነት ስሙ የተነሣ ሰው ነበር። ልጁ ግን ይህን ጉልበት ጠብ ላይ አላውለውም፣ ቦክሰኛ እሆናለሁ አለ። ሕልሙ እንደ ማይክ ታይሰን መሆን ነበር። በፈረንጆቹ 2012 ከአገሩ ወጣ። ናይጄሪያን፣ ኒጀርን፣ ሰሃራን፣ አልጄሪያን አቋርጦ ሞሮኮ ገባ። ባሕሩን ደጋግሞ ሞከረ። ደጋግመው ያዙት፤ ወደ በረሃ መለሱት። በ2013 ስፔን ሲደርስ ሁለት ወር ያህል ታሰረ። ከዚያ ፓሪስ ሄደ፤ ማደሪያው የመኪና ማቆሚያ ነበር። ቦክስ ብሎ ጂም ሲገባ፣ አንተስ ኤምኤምኤ ሞክር አሉት። ቡጢም፣ ርግጫም፣ ትግልም፣ መሬት ላይ ማነቅም ያለበት ስፖርት ነው። ከዚያ በፊት በቅጡ አያውቀውም ነበር። በ2015 መጨረሻ ላይ የዚህ ስፖርት ትልቁ ድርጅት በሆነው በዩኤፍሲ ውስጥ ተጋጠመ።

እኛ ጋ ይህ ታሪክ ሲነገር አዘጋጉ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሰውየው አይፈራም» ይባላል። በረሃውን አልፈራም፣ ባሕሩን አልፈራም፣ ስለዚህ ሰው አይፈራም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ይነፋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ነበር የምነግራቸው። አሁን ሳስበው፣ «እሱም እኮ በእግሩ ነው የወጣው» የምትለዋን ያስተማርኩት ምናልባት እኔው ነኝ።

## አሥራ አምስት ደቂቃ

ከንጋኑ ግጥሚያዎች ሁሉ ደጋግሜ ያየሁት ሰው የማያየውን ነው።

በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2017 አሊስቴር ኦቨሪምን በግራ እጁ ከታች ወደ ላይ ሰንዝሮ ዘረረው። ያንን ቡጢ ያላየ የለም። ከዚያ በኋላ ማን ይችለዋል ተባለ። ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ቦስተን ላይ ለሻምፒዮንነት ቀበቶው ከጊዜው ሻምፒዮን ከስቲፔ ሚዮቺች ጋር ገጠመ። በመጀመሪያው ዙር ያለውን ሁሉ ወረወረ። ሚዮቺች አሳለፈው፤ እግሩን ይዞ ጣለው። ሲነሣ እንደገና ጣለው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ንጋኑ እጁን ማንሣት አቃተው። አምስቱ ዙር አለቀ። ሦስቱም ዳኞች 50 ለ 44 ብለው ለሚዮቺች ሰጡ።

እኔን የያዘኝ ግን ይኼኛው አይደለም፤ ቀጣዩ ነው። ሐምሌ 2018፣ ላስ ቬጋስ፣ ዴሪክ ሉዊስ። ሁለት ከባድ መቺዎች ናቸው። ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አንዱ ይወድቃል ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱ ግን ቆመው ተያዩ። አንደኛው ዙር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሕዝቡ ይጮህባቸዋል። ሦስተኛውም አለፈ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ንጋኑ ያሳረፈው ምት በጣት የሚቆጠር ነው። ሉዊስ በነጥብ አሸነፈ፤ አሸናፊውም ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው። ድምፁ ሲጠፋ ትከሻው ይታያል። ሊሰነዝር ይነሣል፣ ይመለሳል። እግሩ ግማሽ እርምጃ ይገባል፣ ይወጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። ከፊቱ የቆመው ሉዊስ ነው፤ እሱ የሚያየው ግን ሚዮቺችን ነው። ሰሃራ ያላቆመውን ሰው የአንድ ምሽት ትዝታ እጁን አሰረው።

ከግጥሚያው በኋላ ምክንያት መስጠት ይችል ነበር። አሞኝ ነበር ቢል ማን ይከራከረዋል? ታዋቂ ሰው ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይህን ነው። እሱ ግን ለሕዝብ ጽፎ ያወጣው፣ ከቀደመው ግጥሚያ ፍርሃቴን ተሸክሜ ነው ወደዚህኛው የገባሁት የሚል ነበር። የተናደዳችሁብኝም እውነታችሁን ነው አለ። በዓለም አንደኛ መቺ የተባለ ሰው፣ ፈርቼ ነበር ብሎ በአደባባይ ጻፈ።

ይህን ካነበብኩ ስንት ዓመት ሆነኝ። ሁልጊዜ ትዝ ሲለኝ ሌላ ነገር አብሮ ይመጣል፤ ገፋ አደርገዋለሁ። ከዚያች ሰኞ በኋላ ግን መግፋት አልቻልኩም።

## ጋቢው

የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደሴ። ቦክስ ጀምሬ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። ጠዋት ጠዋት ወደ ጦሳ ሽቅብ እንሮጣለን፤ ማታ እንሠራለን። ሰፈር ውስጥ «ቦክሰኛው» ይሉኛል። እናቴ ሳትቀር ለጎረቤት ስታወራኝ ሰምቻለሁ።

ከሌላ ክለብ ልጆች ጋር ግጥሚያ ተያዘ። ዕጣው ሲወጣ የደረሰኝ ከሁለት ወር በፊት ያሸነፈኝ ልጅ ነው። ማሸነፍ ብቻ አልነበረም። ጎኔን መትቶኝ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር፤ አየር አጥቼ አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይገባም። ያንን ነገር የቀመሰ ያውቀዋል። ስሙን ስሰማ ጎኔ በዚያው ቦታ ላይ ጭምድድ አለ።

የግጥሚያው ቀን ጠዋት ደሴ ጉም ለብሳለች። እጄን ስጠቀልል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሁለቴ ፈትቼ ጠቀለልኩ። ከዚያ ኮቹ ጋ ሄጄ «ሆዴን አመመኝ» አልኩት።

ኮች አልተጠራጠረኝም። አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛኝና የራሱን ጋቢ አለበሰኝ። ዝንጅብል ያለው ሻይ አስመጣልኝ። ግንባሬን ዳሰሰኝ። ቢቆጣኝ፣ ቢጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ጋቢ አቃጠለኝ። በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ገባ፤ ከእኔ ያነሰ ልምድ ያለው፣ በመጨረሻ ደቂቃ ተነሥ የተባለ። ከጋቢው ሥር ሆኜ አየሁት። ተሸነፈ፤ ከንፈሩም ተሰነጠቀ። ሲመለስ በአጠገቤ እያለፈ «ተሻለህ?» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ የሌለብኝን በሽታ አውጥቼ ያለብኝን ደበቅኩ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት ተመላልሼ ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስለሆነ ነው አልኩ። ሥራ ስይዝና ኮምቦልቻ ስቀመጥ እንደገና ጓንት ያዝኩ፤ የሰፈር ልጆችን ማሠራት ጀመርኩ። ራሴ ግን ውድድር አልገባሁም። ለማንም አልተናገርኩም።

ልጁ ያንን ካለኝ በአራተኛው ቀን ለኮች ደወልኩ። አሁን ሸምግሏል፤ ደሴ ነው የሚኖረው። የወሎ ሰላምታ ታውቃላችሁ፤ ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ዝናቡን ሳንጨርስ ወደ ነገር አልተገባም። በመጨረሻ ነገርኩት። ስለ ሆዴ፣ ስለ ጋቢው፣ ሁሉንም። እጄ ላይ ያለው ስልክ በላብ ርሷል።

ዝም አለ። ከዚያ «የቱ ግጥሚያ ነው?» አለኝ።

አላስታወሰውም። አሥራ አምስት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር እሱ አያውቀውም። ከንፈሩ የተሰነጠቀውን ልጅ ስነግረው ልጁን አስታወሰ፤ እኔን ግን ጋቢ ሥር አላስታወሰኝም። ምን እንደተሰማኝ እስካሁን አልለየሁትም። ቅልል አለኝ፤ ደግሞ የሆነ ነገር የተወሰደብኝም መሰለኝ።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «ምኑን ነበር የፈራኸው?»

«ልጁን ነዋ።»

«ልጁንማ አይደለም። ልጁ ሙሉ ሰው ነው፤ ሰው በሙሉ አይፈራም። ምኑን?»

አሰብኩ። ስልኩን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። መልሱ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ እንደ ትናንት መጣልኝ። ግራ እጁን ነው የፈራሁት። ቀኜን ስሰነዝር ክርኔ ይከፈታል፤ እሱ ያችን ይጠብቃል፤ በግራው ጎኔን ይመታኛል። ሁለቴም የመታኝ እንዲሁ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

«ይኼማ» አለ ኮች፣ «የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር።»

በቁጣ አላለውም። የተሰበረ ወንበር አይቶ አንድ ምስማር ነው የጎደለው እንደሚል አናጢ ነው ያለው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። የሁለት ሳምንት ሥራ። አሥራ አምስት ዓመት «ፈሪ ነኝ» ብዬ ስኖር፣ አንዴም «ምኑን?» ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። «ፈሪ ነኝ» ካልኩ የሚሠራ ነገር የለም። «ክርኔ ይከፈታል» ብል ኖሮ ማታውኑ ጆንያው ጋ ሄጄ እጀምር ነበር።

## አንድ እንቅስቃሴ

ከዚያ በኋላ የንጋኑን ቪዲዮዎች እንደ አዲስ አየኋቸው።

ከሉዊስ በኋላ አራት ሰው በተከታታይ በመጀመሪያው ዙር ጣለ። ብሌይድስን በ45 ሴኮንድ፣ ቬላስኬዝን በ26፣ ዶስ ሳንቶስን በ71፣ ሮዘንስትራይክን በ20። ሰው ሁሉ ሰውየው ተመለሰ አለ። እኔ ግን እነዚህ ግጥሚያዎች ምንም አይነግሩኝም። መምታትማ ድሮም ይችላል። የፈራው መጣልን፣ ትንፋሽ ማጣትን ነበር። ያንን ደግሞ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ማን ይጠይቀዋል?

የተጠየቀው መጋቢት 27 ቀን 2021 ነው። ከፊቱ ያው ሚዮቺች። በመጀመሪያው ዙር ሚዮቺች ያችኑ የ2018ቷን ነገር ሞከረ፤ እግሩን ሊይዝ ዝቅ ብሎ ገባ። ንጋኑ ዳሌውን ወደ ኋላ ወርውሮ ክብደቱን ሁሉ ላዩ ላይ ጣለበት። ዞሮ ከጀርባው ሆኖ ይመታው ጀመር። በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ዓለም ያየው ዝረራውን ነው። እኔ ቪዲዮውን የማቆመው ግን ዳሌውን ወደ ኋላ በወረወረበት ላይ ነው። ሦስት ዓመት የፈጀች አንድ እንቅስቃሴ ናት። ላስ ቬጋስ ውስጥ ከአሰልጣኙ ከኤሪክ ኒክሲክ ጋር ስንት ሺህ ጊዜ ሠርቷት ይሆን? በዚያ ምሽት ጥጉ ላይ ካማሩ ኡስማንም ነበር፤ እሱም ከትግል የመጣ የጊዜው ሻምፒዮን ነበር።

የሲሪል ጋንን ግጥሚያ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ጥር 2022 ነበር፤ ከተሞቻችን ገና ከጦርነቱ አልተነሡም። ጋን ፓሪስ ላይ የንጋኑ በነበረው አሰልጣኝ እጅ የተሠራ ነው። ንጋኑ ደግሞ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ ነው የገባው። ሁለቱን ዙር ተበለጠ። በሦስተኛው ያልታሰበውን አደረገ፤ ጋንን ይዞ አንሥቶ መሬት ላይ ጣለው። መቺው ሰውዬ በትግል! ከዚያ ደጋግሞ ጣለው፤ አምስተኛው ዙር ድረስ ትንፋሹ ቆየለት፤ በነጥብ አሸነፈ። በ2018 የተሸነፈባቸው ሁለት ነገሮች፣ ትግልና ትንፋሽ፣ በ2022 ያሸነፈባቸው ሆኑ። ለእኔ ትልቁ ግጥሚያው ይህ ነው፤ የሚስማማኝ ሰው ግን ጥቂት ነው።

## ሪያድ

ንጋኑ በጥር 2023 ከዩኤፍሲ ወጣ። ለተፋላሚዎች የጤና መድን ጠየቀ፣ ቦክስ የመግጠም ነፃነት ጠየቀ፣ አልተስማሙም፤ ቀበቶውን ትቶ ሄደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 28 ሪያድ ላይ ከጊዜው የቦክስ ሻምፒዮን ከታይሰን ፉሪ ጋር ቦክስ ገጠመ። በሦስተኛው ዙር ፉሪን መሬት ላይ ጣለው። በዳኞች ውሳኔ ለጥቂት ተሸነፈ፤ ያንን ምሽት ግን ማንም እንደ ሽንፈት አልቆጠረውም።

የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ ሪያድ ነበር። በባቲ በኩል ነው የወጣው። በማግስቱ ደውዬ «አየኸው?» አልኩት። «በስልክ አየሁት» አለኝ። «እዚሁ ከተማ ሆነህ?» ብለው፣ «ወረቀት የለኝም እኮ፤ ከቤት አልወጣም» አለኝ።

ይህን ያኔ ሰምቼ አለፍኩት። አሁን ነው የከበደኝ። ሁለቱም በረሃ አቋርጠዋል። ሁለቱም ባሕር ተሻግረዋል፤ ሁለቱም ታስረዋል። በዚያች ሌሊት አንዱ መብራት ስር ቆሟል፤ ሌላው መጋረጃ ዘግቶ ስልክ ያያል። የአክስቴ ልጅ ከንጋኑ ያነሰ ደፋር አይደለም። አብረውት ተነሥተው ያልደረሱትም ፈሪዎች አልነበሩም። በረሃው ደፋሩን ከፈሪው አይለይም። ንጋኑን ሻምፒዮን ያደረገው መንገዱ ቢሆን ኖሮ፣ ከወሎ ስንት ሻምፒዮን በወጣ።

ሰውየው አሁንም አይደብቅም። ሚያዝያ 2024 የ15 ወር ልጁ ኮቤ ሲሞትበት፣ እንዲህ ያለውን እንዴት ይችሉታል ብሎ በአደባባይ ጠየቀ። በጥቅምት ተመልሶ ተጋጠመ፤ አሸነፈ፤ ድሉን ለልጁ ሰጠ።

## ቅዳሜ

ለልጁ ዳግመኛ «ተው» አላልኩትም። የጋቢውን ታሪክ ነገርኩት። ስለ ሉዊስ ግጥሚያም፣ ስለ አክስቴ ልጅም። ጆንያው ሥር ተቀምጠን ነበር። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። እቀራለሁ አላለኝም። እሄዳለሁም አላለም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤

«ከንፈሩ የተሰነጠቀውን ልጅስ ይቅርታ ጠየቅከው?»

«ገና ነኝ» አልኩት። እየፈለግኩት ነው። ኮች ስልኩን አገኝልሃለሁ ብሎኛል።

ቅዳሜ ዕለት ከልጁ በአሥር ኪሎ ከሚከብድ ልጅ ጋር አሠራሁት። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ወደ ጥጉ መጣ። አፍንጫው ቀልቷል። ውኃ ሰጠሁት። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ፈራሁ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሳሠራው ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

«ምኑን?» አልኩት።

ወደዚያኛው ጥግ አየ። አሰበ።

«ግራውን። ልገባ ስል ይጠብቀኛል።»

«ቀኝ እጅህን ከአገጭህ አታውርድ። ወደ ግራህ ዙር።»

አንዴ በእጁ ሞከራት። አየኋት፤ ክርኑን ገፋ አድርጌ አስተካከልኩለት። እንደገና ሞከራት። ብረቱ ሲመታ አፉን በክንዱ ጠርጎ ገባ።